ያልነካሁት ጥንቸል

ባለፈው ሐሙስ እዚህ አሽዶድ፣ እስራኤል፣ ከሮቫ ዩድ ሰፈር ገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ የቤት እንስሳት መኖ የሚሸጠው ሰውዬ አንድ ጆንያ ድርቆሽ አፉን ፈትቶ ከሱቁ በር ላይ ፀሐይ ያስመታው ነበር። እግሬ በራሱ ጊዜ ቆመ። የእኔ አገር ሰው ድርቆሽ ሲሸተው ትዝ የሚለው የአባቱ በረት ነው፤ የጥማድ በሬዎቹ፣ የአውድማው ዳር፣ የጥቅምት ፀሐይ። እኔን ግን ሽታው ጎንደር ድረስ አላደከመኝም። ከቆምኩበት ሦስት መንገድ አሻግሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለች ጠባብ በረንዳ አደረሰኝና ተወኝ። ሰውዬው በዕብራይስጥ «ሳባ፣ ልመዝንልህ?» አለኝ። ሳባ ማለት አያት ማለት ነው፤ አሁን አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። ከብት የለኝም፣ ማሽተቱ ይበቃኛል አልኩት። ሳቀ። እኔም የሳቅኩ መስዬ መንገዴን ቀጠልኩ፤ ሽታው ግን ቤቴ እስክገባ ድረስ ከአፍንጫዬ አልወጣልኝም።

ዘመኑን በቁጥር አልነግራችሁም፤ ቁጥር ድሮም አይሆንልኝም። ስልክ እንደ መነጽር ቤት የሚከፈትና የሚታጠፍ የነበረበት፣ ሴቶች ልጆች በሱሪያቸው ጫፍ መንገዱን እየጠረጉ የሚሄዱበት፣ ወንዶቹ ፀጉራቸውን በቅባት እንደ ጃርት የሚያቆሙበት ዘመን ነበር። ፈላፈል ከነፒታ ቂጣው በአንዲት አምስት ሼቄል ይገኝ ነበር፤ ዛሬ በዚያች ሳንቲም ፒታውን ብቻ ቢሰጡኝ አመሰግናለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ባሕሩ ዳር ገበያ ይቆማል፤ ከዚያ የገዛኋት፣ ክርኗ ላይ ቆዳ የተለጠፈባት ቡናማ ኮት ነበረችኝ። እሷን ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም አንድ ትልቅ ቢሮ ያለው ሰው እመስል ነበር። የከተማው አውቶቡስ ሾፌሮች ደግሞ የተማከሩ ይመስል አንድ ዘፈን ብቻ ነበር የሚያሰሙን፤ ዘፋኟ ስለ ምን እንደምታለቅስ ሳላውቅ ዜማዋን እስከ ዛሬ አንጎራጉረዋለሁ። በዚያ ጊዜ ማን ይመራን እንደነበር፣ ምርጫው እንዴት እንደሆነ የሚያስታውሱ ያስታውሱት። እኔ የማስታውሰው ኮቴን ነው።

ባገሬ እኔ የከብት ዐዋቂ ነበርኩ። ይህን ስል ጉራ ይመስላል፤ ትንሽ ጉራም አለበት። በዳባት ገበያ በሬ ሊገዛ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ እኔ ደጃፍ ብቅ ይል ነበር። ሻጩና ገዢው ሲጨቃጨቁ ከሁለቱ አንዱ «ጋሻው አይቶታል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ጋሻው እኔ ነኝ። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ እቆማለሁ፤ ከብቱን አልነካም፣ አልዳብስም። አረማመዱን አያለሁ፣ የዓይኑን ጥራት አያለሁ፣ ፀጉሩ መተኛት አለመተኛቱን፣ ሲቆም የትኛውን እግሩን እንደሚያሳርፍ አያለሁ። ጥርስ የማየው በቅሎ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያንንም የሚከፍትልኝ ሌላ ሰው ነው። ከዚያ ለገዢው በጆሮው አንዲት ቃል ጣል አደርጋለሁና እሄዳለሁ። ዝናዬ ግማሹ ይኸው ነበር፣ ሳልነካ ማወቄ። ሌሎቹ ገምጋሚዎች ከብቱን ጎኑን እየመቱ፣ ሻኛውን እየጨበጡ፣ ላብ በላብ ሆነው የሚደርሱበትን እኔ ቆሜ እደርስበታለሁ ይሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ተሳስቼ አውቃለሁ፤ ግን ተሳስተሃል ብሎ የመጣብኝ ሰው አልነበረም።

አሽዶድ ስመጣ ዓይኔ ሥራ ፈታ። ማሪና ላይ፣ ጀልባዎቹ ከሚቆሙበት ዳር፣ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ወንበር አወርዳለሁ፣ ወለል አጥባለሁ፣ ወንበር እሰቅላለሁ። የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ባንክ ስሄድ የምታስተረጉምልኝ ልጄ ናት፤ ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ፣ እሷን የሚከሰውንም ጭምር፣ የምታነብልኝ እሷው ናት። ሐኪም ዘንድ ስገባ የሆዴን ጉዳይ በልጄ አፍ ነበር የምናገረው፤ እሷ እየቀላች፣ እኔ ግድግዳ እያየሁ። ስሟ ውዴ ነው፤ ትምህርት ቤት አሁቫ ብለው ለውጠውላት ነበር፣ እኔ ግን ውዴ ነበር የምላት፣ ዛሬም ውዴ ነው። ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከተናገረች ግን ያሰበችውን የምትናገር ልጅ ናት። እንስሳ ትወዳለች። ይህ ከእኔ የወረደ ነው ብዬ በልቤ እኮራ ነበር።

በትምህርት ቤቷ የእንስሳት ማዕዘን የሚሉት ነበራቸው፤ ዶሮዎች፣ ኤሊዎች፣ ጥቂት ጥንቸሎች። ከእነሱ ጋር ከሰዓት በኋላዋን ሁሉ ታሳልፋለች። አንድ ቀን እየሮጠች ገባች። በማትናሱ፣ ማለት በሰፈሩ የሕዝብ አዳራሽ፣ የጥንቸል ውድድር ሊደረግ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ጥንቸል አሳድጎ ያቀርባል፤ ዳኛዋ ጤናውን፣ ሥጋውን፣ ፀጉሩን አይታ ትፈርዳለች። ከፊተኞቹ የተገኘ በበጋው ዕረፍት ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር እንዲሠራ ይወሰዳል። ውዴ የእንስሳት ሐኪም መሆን ነበር የምትፈልገው፤ ለማንም አልነገረችም እንጂ እኔ ዐውቅ ነበር። «አባ፣ ጥንቸል የሚመርጥልኝ ሰው ያስፈልገኛል፤ አንቱ ይምጡልኝ» አለችኝ። ከመጣን ጀምሮ ልጄ አንድ ነገር እንዳውቅላት ስትጠይቀኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ኮቴን እዚያው አንሥቼ ለበስኩ፤ ውድድሩ ገና ሁለት ወር እንደቀረው ከዚያ በኋላ ነው የነገረችኝ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ የሠራሁት ሁሉ የእብድ ሥራ ይመስላችኋል። የአያቶቼ ሃይማኖት አይሁድነት ነበር፤ በመሐል ርቀን ኖርን፤ እዚህ ከመጣን በኋላ በጊዩር ተመለስን። ጊዩር መማር ነው፣ መጠመቅ ነው፣ ከሦስት ራቢዎች ፊት ቀርቦ መጠየቅ ነው። ያን ሰሞን ገና ጨርሰን ወረቀቱን ተቀብለን ነበር። ባለቤቴ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከሻባት፣ ማለት ከሰንበት፣ ልብሳችን በላይ አስቀመጠችው። እኔ ፈራሁ። የሆነ ቀን አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ «ጋሻው፣ ይህን አድርገሃልና ወረቀቱን መልስ» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቴ ጥንቸል በኦሪት ከርኩሳኑ ጋር የተቆጠረች ናት፣ አትበላም ብሎ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ከራሴ ጨምሬ እንግዲያው አትነካም አልኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። ብጠይቅ አለማወቄ ይታወቃል ብዬ ነው፤ ይህም ያው ፍርሃቱ ነው።

ልጄን ግን አልከለከልኳትም። እሷ ልጅ ናት፣ ትምህርት ቤት ያስነካታል፣ ኃጢአቱ የመምህራኗ ይሁን አልኩ። ከወደብ የተጣለ የዕቃ መጫኛ እንጨት ለምኜ አምጥቼ ቤት ሠራሁላት፤ ሽቦ ወጠርኩ፣ ዝናብ እንዳይገባ ጣሪያውን አዘነበልኩ፣ ለበሩ ማጠፊያ አበጀሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ባለቤቴ ወጥ ቤቴ ድረስ እንዳይመጣ ብላ አስጠንቅቃን በረንዳው ላይ ቦታ ለቀቀችልን። ቤቱ ተሠርቶ አለቀና ባዶውን ቆመ፤ ሁለታችንም ማታ ማታ ወጥተን እናየው ነበር።

በአንድ ዓርብ ጠዋት ጥንቸል ወደሚያረባ ሽማግሌ ሄድን። ቦሪስ ይባላል፤ ከሩሲያ የመጣ፣ መነጽሩ እንደ ብርጭቆ ቂጥ የወፈረ ሰው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በአንድ የእርሻ መንደር፣ በብርቱካን ዛፎች መሐል ይኖራል። አውቶቡሱ ዋናው መንገድ ላይ አውርዶን የቀረውን በእግራችን ሄድን፤ ውዴ በመንገድ ላይ ከኢንተርኔት የገለበጠችውን ወረቀት ታነብልኛለች። ዓይኑ ጥሩ ይሁን፣ አፍንጫው ደረቅ ይሁን፣ አገጩ እርጥብ አይሁን፣ የጆሮው ውስጥ ቅርፊት አይኑረው፣ የፊት እግሮቹ ውስጠኛ ጎን ንጹሕ ይሁን፤ አፍንጫው የሚፈሰው ጥንቸል በእግሩ ስለሚጠርግ ከዚያ ይታወቃል። ጀርባውን በእጅ ዳብሱ፤ አጥንቱ ከጎላ ከስቷል። እኔ እየሳቅኩ ነበር የምሰማት። ከብትን ከወረቀት ነው እንዴ የሚያውቁት አልኳት። እሷም ሳቀችና ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ያችን ወረቀት ኪሷ ውስጥ ያስከተትኳት እኔ ነኝ።

የቦሪስ ቤት ጓሮ ድርቆሽና የጥንቸል ሽንት ይሸታል፤ ያ ሽታ ነው ሐሙስ ዕለት ያስቆመኝ። ሁለት ጥንቸሎች ጠረጴዛ ላይ አወጣልን። አንዱ ነጭ ነው፣ ፀጉሩ ከጆሮው እስከ እግሩ የተንዠረገገ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የተቆለለ። አስቀመጠው፤ ተቀመጠ። ሌላው ቡናማ ነው፣ ፀጉሩ አጠር ያለ፣ ትንሽ። እሱ ጠረጴዛውን በእግሩ ይመታል፣ ይቧጥጣል፣ ቦሪስን ሊነክሰው ይሞክራል። ውዴ ገና ስታየው ቡናማውን ወደደችው። እኔ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ባገሬ ገበያ መሐል ረጋ ብሎ የሚቆም በሬ የሠራ በሬ ነው፤ የሚያጓራና የሚራገጥ በሬ ባለቤቱን ያስለቅሳል። ነጩ ደንዳና ነው፣ ጨዋ ነው፣ ዓይኑ የረጋ ነው። ነጩ ነው አልኳት። ቦሪስ ነጩን አንሥቶ ወደ እኔ ዘረጋው፤ ያዘው፣ መዝነው አለኝ። ወደ ኋላ ራቅኩ። በእኛ ገበያ ከብቱን እጅህ ላይ የሚጭንብህ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው። ሽማግሌው ግን ምንም አልደበቀም። እንደዚህ ፀጉራም ሲሆን ዓይን የሚያየው ፀጉሩን ብቻ ነው፣ የእኔም ዓይን ደክሟል፣ ስለዚህ በእጃችሁ እዩት አለ፤ ውዴ አስተረጎመችልኝ።

ከእጁ ተቀበለችውና በደረቷ ያዘችው። ጣቶቿን በፀጉሩ ውስጥ አስገብታ ጀርባውን ዳበሰች። ከዚያ አገጩን በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ ጣቷን አየችው።

«አባ፣ እርጥብ ነው» አለች።

ውኃ ጠጥቶ ይሆናል አልኳት።

«የጀርባው አጥንት ይሰማኛል። አንቱ እጅዎን እዚህ ያድርጉልኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።»

ቦሪስ ያየኛል። እሷ ታየኛለች። እጆቼ ከኋላዬ ተጣምረዋል። ወረቀቱ ታየኝ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው። ይህን ለልጄ መንገር አፈርኩ፤ አባትሽ ፈሪ ነው እንዴት ይባላል? ስለዚህ ያን የዳባቱን ድምፄን አወጣሁ። «ዓይኔ ይበቃል፤ ወጣት ከብት አጥንቱ ይሰማል» አልኳት። አንድ ጊዜ ጥንቸሉን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየችና እሺ አለች። አንቱ ካሉ እሺ፣ ነበር ያለችው። ስንት እንደገዛነው አላስታውስም፤ የፈላፈሉን ዋጋ ሳይቀር የማስታውስ ሰው ያንን ረስቼዋለሁ። በአውቶቡሱ ውስጥ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በቀዳዳው እያየችው ሄደች። ያ ዘፈን ነበር ያኔም የሚዘፈነው። እኔ በደስታ ጣቶቼን በጉልበቴ ላይ እመታ ነበር፤ ልጄን አንድ ነገር ረዳኋት ብዬ።

ስሙን ሼሌግ አለችው፤ በረዶ ማለት ነው። እስከ ውድድሩ ድረስ በየቀኑ ፀጉሩን አበጠረችው፣ ቤቱን ጠረገችው። በየቀኑም ሪፖርት ታመጣልኛለች። አባ፣ ድርቆሹን ይጀምርና ከአፉ ይጥለዋል። ቦታ ቀይሮ ነው፣ ይለምዳል እላለሁ። አባ፣ በጠጡ እንደ በርበሬ ፍሬ አነሰ። የሚበላው ነገር ሁሉ ለፀጉሩ እየሄደ ነው እላለሁ። አባ፣ አይዘልም። ጨዋ ነው አላልኩሽም? እላለሁ። ሐኪም ዘንድ እንውሰደው ብላም ነበር፤ ከውድድሩ በኋላ አልኳት። እያንዳንዱን መልስ በደንብ አስታውሳለሁ፤ አንዱም አይጠፋኝም። በዚያን ጊዜ ግን ልጄ እኔን ስትጠይቀኝ፣ እኔ ስመልስላት፣ ቤታችን ወደ ቦታው የተመለሰ ነበር የሚመስለኝ። ጥያቄውን ነበር የምወደው። ጥንቸሉን አልነበረም የማየው።

የውድድሩ ዕለት አዳራሹ ሙሉ ነበር። ኮቴን ለብሼ፣ ጫማዬን ቀብቼ ሄድኩ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ልጆቹ ከነጥንቸሎቻቸው ተሰልፈዋል። ዳኛዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ ሼሌግን እያየ ሲያደንቅ ሰማሁ፤ ፀጉሩ ያን ቀን እንደ ሙሽራ ቬሎ ነበር። ተራችን ደረሰ። ዳኛዋ እጇን ጀርባው ላይ አደረገችና ቆመች። ሌላ እጇንም ጨመረች። ከንፈሩን ገለጥ አደረገች፣ አገጩን አየች፣ ዳሌውን ዳበሰች። ፈገግታዋ ጠፋ። በዕብራይስጥ ከተናገረችው አብዛኛው ገባኝ፤ ይህ እንስሳ ታሟል፣ አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው፣ ይሄ ዛሬ የጀመረ አይደለም፣ የኋላ ጥርሱ አድጎ ጉንጩን እየወጋው መሆን አለበት፣ አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ማነው ይህን የመረጠው?»

ያ አዳራሽ ጣሪያው ላይ አራት ማራገቢያዎች ነበሩት። ሦስቱ ይዞራሉ፤ አራተኛው አንድ ክንፉ ወልቆ ቆሟል፣ ከሞተሩ ላይ የአቧራ ክር ተንጠልጥሏል። ክሩ ከሌሎቹ ነፋስ ወዲህና ወዲያ ይል ነበር። ልጄ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ከዚያ የውዴን ድምፅ ሰማሁ። «እኔ ነኝ» አለች። ዳኛዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ በእርጋታ ነው የነገረቻት። እንስሳ የምትወጂ ከሆነ መጀመሪያ እጅሽን መጠቀም ተማሪ አለቻትና ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈች። ልጄ ሼሌግን አቅፋ በሕዝቡ መሐል ወጣች። ወደ እኔ አላየችም። ሳታየኝ መውጣቷን ለብዙ ዓመት እንደ ምሕረት ቆጠርኩት፤ እንዳላፍር ብላ ነው እያልኩ።

ሐኪሙ ጥርሱን ሞረደለት፤ ግን ብዙ ዘግይታችኋል አለ። ውዴ አምስት ቀን በመርፌ አልባ ስሪንጋ የተፈጨ ምግብ በአፉ ጠብ ስታደርግለት ቆየች። ዓርብ ቀትር ላይ፣ ባለቤቴ ለሻባት ዳቦ ስትጋግር፣ በረንዳው ላይ ሞተ። ውዴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቶቿን አቅፋ ነበር። አላለቀሰችም። በሩን ከፍታ ልታወጣው እጇን ሰደደችና መለሰችው፤ እንደገና ሰደደች፣ መለሰች። አልቻለችም። ያኔ እኔ ጎንበስ ብዬ እጆቼን በሠራሁት ቤት ውስጥ አስገባሁ።

ፀጉሩ ለስላሳ ነበር። ከፀጉሩ በታች ግን ምንም አልነበረም። የጀርባው አጥንት አንድ በአንድ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ፣ መዳፌ ላይ ተቆጠረ። የጎድን አጥንቶቹ፣ የዳሌው ሹል፣ ሁሉም። በአንድ አፍታ ዐወቅኩት። አንድ ጊዜ ብቻ እጄን አድርጌ ቢሆን ያን ዓርብ ጠዋት በቦሪስ ጓሮ ዐውቀው ነበር፤ የሃያ ዓመት የከብት ዐዋቂ ዓይኔ ያላየው ሁሉ እጄ ውስጥ ነበር፣ ያጣመርኩት እጄ ውስጥ። ከኮቴ ሌላ የምጠቀልልበት አላገኘሁምና በእሷ ጠቀለልኩት። ውዴ አካፋውን ይዛ ተከተለችኝ። ከሰፈሩ ወዲያ ከአሸዋው ክምር ሥር ቀበርነው። ዛሬ እዚያ ሕንፃ ቆሞበታል። ስንመለስ እኔ እጄን እንዴት እንደማነጻ እያሰብኩ ነበር። ይህንንም አልደብቅም።

ለረጅም ጊዜ ያ ነገር ስላሳሰበኝ በኋላ ለአንድ ቄሳችን፣ ለቤተ እስራኤል ካህን፣ ነገርኳቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው አይረሳኝም። «በሕይወት ያለውን አትንካ ያለህ ማነው? ኦሪት አትንኩ ያለችው በድኑን ነው» አሉኝ። መንካት የተፈቀደልኝን አልነካሁም፤ የተከለከልኩትን ነካሁ። እሳቸው ዘንድ ነገሩ እዚያው አለቀ፣ ታጠብ፣ እስከ ማታ ቆይ፣ በቃ። እኔ ዘንድ አላለቀም። ውዴ ከዚያ በኋላ ወደ እንስሳት ማዕዘኑ አልሄደችም። ወታደር ሆነች፣ ተመለሰች፣ ሌላ ነገር ተማረች። አሁን ባንክ ውስጥ ትሠራለች፣ ሁለት ልጆች አሏት፤ ደህና ኑሮ ነው። ስለ እንስሳት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። አንድ ቀንም ወቅሳኝ አታውቅም። የጥንቸሉን ቤት ፈትቼ እንጨቱን የአበባ መደብ አደረግኩት፤ እሱም በዝናብ በሰበሰና ተጣለ።

ሐሙስ የሸተተኝን ድርቆሽ ለሰው ሳልናገር ሻባት ደረሰ። አመሻሽ ላይ ውዴ ልጆቿን ይዛ መጣችና ባሕሩ ዳር ወጣን፤ ያን ሰዓት የሰፈሩ ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ልጆቹ ቀድመውን ሮጡ። ዕድሜዬ ሄዷል፤ ካልተናገርኩ መቼ እናገራለሁ ብዬ ጀመርኩ። ሼሌግን ታስታውሺያለሽ ወይ አልኳት። ሳትዞር አዎ አለች። የዚያን ቀን እኔ ነኝ የመረጥኩት ማለት ነበረብኝ፣ ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል አልኳት። የድሮ ነገር ነው፣ ይተውት ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢሆንልኝ እንድትለኝ እፈልግ ነበር።

ጥቂት እርምጃ ሄደች።

«አባ፣ ወዲያው እኮ አይደለም ለዳኛዋ የመለስኩላት። አንቱ እስኪናገሩ ጠብቄያለሁ» አለች።

አላየሽኝም ነበር አልኳት።

«አይቼዎታለሁ። ጣሪያውን ያዩ ነበር።»

ከዚያ ትንሹ ልጇ ወደ ውኃው ሲጠጋ አይታ እየጠራችው ወደ ፊት ፈጠነች። እኔ ባለሁበት ቆምኩ። እጆቼ ከኋላዬ ተጣምረው ነበር።